በፊደል ልክ

የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ የጠፋ ማክሰኞ።
ጋሽ ዘውገ ደረጃውን ወጡ፣ እያረፉ፣ እየቆጠሩት፤
ፍላሹን በመሐረብ ጫፍ እንደ ሳንቲም ቋጥረውት።
«ንብ ማነብ ነው» አሉ፤ «የሠላሳ ዓመት ሥራዬ።
ለልጆቹ በስልካቸው ይግባላቸው፤ ይኸው አደራዬ።»

ጽሑፉስ ጨዋ ነበር፤ ራሱን በወጉ ያጠረ፤
ርዕሱ በርዕስነቱ፣ አንቀጹ ባንቀጽ የታሰረ፤
የግርጌ ማስታወሻው እንኳ በቁጥሩ ተሰልፎ ያደረ።
ወደ ኢ-ቡክ ስለውጠው ፊደሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤
በጠባቡ ስልክ ጠበበ፣ በሰፊው ታብሌት ተንፈላሰሰ።
ምስሎቹ ናቸው እንቢ ያሉት።

አሥራ አራት ሴንቲሜትር፣ ይላል የመጀመሪያው፤
ለወረቀት የተማለ መሐላ፤ ስልክ ሆነ እንጂ ማደሪያው።
ስልኬ ሰባት ሴንቲ አይሞላም። ንግሥቷ ንብ ከበሬ ገዝፋ፣
ሆዷ መስታወቱን ሞልቶ ክንፏ ከዳር ውጪ ጠፋ።
የቀፎው ንድፍ ደግሞ ከገጽ ገጽ ተሰንጥቆ፣
ክዳኑ እዚህ፣ ወለሉ እዚያ፣ ማሩ መሃል ላይ ወድቆ።

«ልኩን በሴንቲ ከምንቸነክረው በመቶኛ እንስጠው» አልኩ፤
«እንግዳ በተነጠፈለት ይተኛል፣ እንደ ቤቱ ልኩ፤
አልጋውን ተሸክሞ አይመጣም።»
ሳቁ። «እኔ መጥቻለሁ። ይሄ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ
አምስት ቀፎ ባይሱዙ ጭኜ፣ ከለገዳዲ። በረንዳው አንዱን እንኳ ሳይችልልኝ
የብሎኩ ኮሚቴ ከሰሰኝ።»

አርባ ሁለት ምስል። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ መጣ።
ከታች ብረት የሚቆርጥ ሰው ነበር፤ እሱም ከመብራቱ ጋር ዝም ይላል፣ ይጮሃል።
ስፋቱን ብቻ ነው የነካሁት፤ ቁመቱ ራሱ ይከተላል፤
ሁለቱን ባንድ ላይ ካዘዙት ክቡ ቀፎ ሞላላ ይሆናል።

አርባ ሦስተኛው በመታሰቢያው ገጽ ላይ ነው፤
ጉርድ ፎቶ፣ ጥጉ ላይ የማኅተም ሽራፊ ያለበት።
«ብርቅነሽ» ይላል ከሥሩ። ሌላ ቃል የለበት።
እጄ ለምዶ መቶ በመቶ ሰጠኋት። ገጹን ሞላች።
ሞላችና ጠፋች፤
ዓይኗ አራት ካሬ፣ ከንፈሯ ሁለት፣ ግንባሯ ጭጋግ፣
መላ ፊቷ እንዳልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ።

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ይህቺን አላውቃትም። መልሻት።»
መለስኳት፣ ወደ ራሷ ልክ፤ ካውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥ።
«አሁን እሷ ናት» አሉ። «ግን ዓይኔ አይደርስባትም።»

ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው ነው፤ ሌላ የላትም።
ካሜራ ትፈራ ነበር፤ ንብ አትፈራም፤
ማር ስትቆርጥ ጓንት አታጠልቅም።

«መጽሐፍ በስልክ ሲያነቡ እንዴት ነው የሚያነቡት?» አልኳቸው።
አሳዩኝ፤ ፊደሉ እንደ ባቄላ ተነፍቶ፣
በመስመር ሦስት ቃል፣ አንዳንዴም ሁለት ገብቶ።

ለካ ሌላ ልክ አለ፣ ሴንቲም ያልሆነ፣ መቶኛም ያልሆነ፤
ምስሉን ከፊደሉ ጋር የሚያስር፣ ፊደል ሲያድግ አብሮ የሚያድግ፣
ፊደል ሲያንስ አብሮ የሚያንስ።
ስምንት ፊደል ስፋት ሰጠኋት።
ልጆቹ ደቃቁን ነው የሚያነቡት፤ ለነሱ ደቃቅ ትሆናለች፣
ከመስመሮቹ መሃል ቁጭ ያለች።
ለሳቸው ግን ከባቄላው ጋር ቀና ትላለች።

ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ እንደገና አራቁት።
«ጉንጯ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ይላል» አልኩ፣ እንዳይከፋቸው ቀድሜ።
«የማር እንጀራ ነው የሚመስለው» አሉ። «ተዪው።»

ሂሳብ ጠየቁኝ፣ ከመሐረቡ ሌላ ጫፍ እየፈቱ።
በምስል ነው የማስከፍለው አልኳቸው።
አርባ ሁለት።